ወረቀቱና መስኮቱ

ወረታ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት መሐሏን አቋርጦ ያልፋል፤ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ደግሞ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድ ነው። በዙሪያዋ ባለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ ሲደርስ የደጋው ሰው ማጭዱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በዚህ መንገድ ይወርዳል። አጨዳው ሲያልቅ አብዛኛው ይመለሳል። የማይመለስም አለ፤ ጫኝና አውራጅ ይሆናል፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ይቀጠራል፣ ሴቷ ሰው ቤት ትገባለች። ከመጣው ስንቱ ቀረ? የቀረውስ ከአምስት ዓመት በኋላ በምን ይኖራል? ይህን ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ በቀበሌም በጤና ጣቢያም አላየሁም።

እነዚህ ሰዎች ድንበር አልተሻገሩም። ሆኖም አገሮች የመጣባቸውን የውጭ ሰው ምን ያህል እንዳቀፉ በነጥብ የሚወዳደሩበትን ሰነድ ሳነብ ዓይኔ ላይ የሚመጡት እነሱ ናቸው።

*

ሰነዱ ሚፔክስ ይባላል፤ የስደተኞች ውህደት ፖሊሲ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አውሮፓ ውስጥ ተጀመረ፤ የሚያዘጋጁት መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገ በስደት ፖሊሲ ላይ የሚሠራ ቡድንና ሲዶብ የተባለው የባርሴሎና የጥናት ማዕከል ናቸው። የ2020ው እትም 52 አገሮችን መዝኗል። ስደተኛው ሥራ መያዝ ይችላል ወይ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ማስመጣት ይፈቀድለታል ወይ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ምን ድጋፍ ያገኛል፣ ሲታመም ማን ያክመዋል፣ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል ወይ፣ ቋሚ መኖሪያና ዜግነት በስንት ዓመት ያገኛል፣ ቢበደልና ቢገለል ሕግ ይደርስለታል ወይ፤ ጥያቄዎቹ እነዚህን ይመስላሉ። የየአገሩ የሕግ አዋቂዎች መልስ ይሰጣሉ፣ መልሱ ከዜሮ እስከ መቶ ይመዘናል። ስዊድን 86፣ ፊንላንድ 85፣ ፖርቱጋል 81፣ ካናዳ 80 አግኝተዋል።

የሚመዘነው አዋጁና መመሪያው ነው። ሰውዬው ቢሮ ሄዶ ምን እንደገጠመው አይጠየቅም። ብዙዎች ይህን ጉድለት ይሉታል፤ እኔ ግን ጥንካሬም አለው ባይ ነኝ። አንድን መንግሥት «ሕዝብህ ለእንግዳ ፊቱን አጠቆረ» ብሎ መክሰስ ያስቸግራል። «ይህን አንቀጽ ጽፈሃል፣ ይህን ግን አልጻፍክም» ማለት ግን ይቻላል። በአንቀጽ የተያዘ መንግሥት ማምለጫው ጠባብ ነው። ለዚህ ለዚህ ሚዛኑ ጥሩ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ነጥቡ ከሚለካው በላይ ሲነበብ ነው። «ስዊድን 86 አገኘች» ሲባል ስዊድን የገባ ሰው ሁሉ ተመቸው ብሎ የሚረዳ አለ። አዘጋጆቹ እንኳ ይህን ስለሚያውቁ አገሮችን በነጥብ ብቻ አይተዉአቸውም። መሠረታዊ መብትና የረጅም ጊዜ ዋስትና ሰጥተው እኩል ዕድል ያልሰጡትን «በወረቀት ላይ ያለ እኩልነት» በሚል ምድብ ለይተው ያስቀምጧቸዋል። መብቱንም ዕድሉንም ሰጥተው ነገ እዚህ እኖራለሁ የሚያሰኝ ዋስትና የነፈጉት ደግሞ ሌላ ምድብ አላቸው፤ «ጊዜያዊ ውህደት» ይሉታል። የፎገራን የቀን ሠራተኛ ሳስብ ከሁሉም የሚቀርበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። በአጨዳ ሰሞን ይፈለጋል፣ በክብር ይበላል ይጠጣል፤ በጥር ወር ግን ማንም አያውቀውም።

*

ሌላ ሚዛንም አለ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በምኅጻሩ ኦኢሲዲ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2018 እና በ2023 ያወጣው ነው። ይህኛው ሕጉን ትቶ ኑሮውን ያያል፤ ስንቱ ሥራ ያዘ፣ ስንቱ በተጨናነቀ ቤት ይኖራል፣ ልጆቹ በፈተና ምን አመጡ ይላል፤ ከዚያም ቁጥሩን ከአገሬው ሰው ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። እዚህ ላይ በሕግ ሚዛን አንደኛ የወጣችው ስዊድን ሌላ መልክ ይዛ ትታያለች። ውጭ አገር በተወለደውና በአገሬው መካከል ያለው የሥራ ልዩነት ሰፊ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ይህን ይዞ «የስዊድን ፖሊሲ ከሸፈ» የሚል ፖለቲከኛ አውሮፓ ውስጥ ሞልቷል። እኔ ከመፍረዴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው የመጣው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በነጥብ እየመረጠች፣ የተማረውንና ቋንቋ የሚያውቀውን አስገብታለች። ስዊድን ደግሞ ከጦርነት የሸሸውን በብዛት ተቀብላለች። የኤርትራና የሶማሊያ ስደተኛ ስቶክሆልም ሲገባ የሥራ ልምድ ወረቀቱን ይዞ አልወጣም። ሁለቱን አገሮች በአንድ መስመር አሰልፎ ማን አሸነፈ ማለት ሩጫውን ከተለያየ ቦታ ማስጀመር ነው።

ወረታም ላይ እንደዚሁ ነው። ከደብረ ታቦር ገንዘብ ይዞ መጥቶ የሩዝ መጋዘን የከፈተው ነጋዴና በድርቅ ዓመት ከስማዳ ልጁን አዝሎ የወረደው ገበሬ ሁለቱም ለከተማይቱ መጤ ናቸው። በአንድ አማካይ ቢደመሩ ከተማይቱ ጥሩ ነጥብ ታገኛለች፤ ገበሬው ግን በዚያ አማካይ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።

*

ሁለተኛው ጥያቄ ልዩነቱ ከማን ጋር ነው የሚለው ነው። ይህን ከፎገራ መሬት ይዤ ባስረዳ ይሻላል።

በአማራ ክልል ለመጨረሻ ጊዜ መሬት የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ልጅ የነበረ ወይም ያልተወለደ የፎገራ ወጣት በስሙ የይዞታ ደብተር የለውም፤ ከአባቱ ካልወረሰ ወይም በስጦታ ካልተሰጠው በቀር በኪራይ ወይም በእኩል ያርሳል። ከጋይንት የመጣውም ወጣት እንዲሁ በእኩል ያርሳል። የሁለቱን የመሬት ይዞታ አነጻጽሬ ልዩነቱን ባሰላ መልሱ ዜሮ ይሆናል። በልዩነት ብቻ የሚለካ ሚዛን «ፎገራ ላይ መጤና ባላገር ፍጹም እኩል ሆነዋል» ብሎ ይመሰክርልኛል። እውነቱ ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን መሆናቸው ነው።

በደቡብ አውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አገሬው ራሱ ሥራ ባጣባቸው ዓመታት የስደተኛውና የአገሬው የሥራ መጠን ተቀራርቦ ነበር። ስዊድን ውስጥ ልዩነቱ የሰፋው በከፊል አገሬው፣ ሴቱም ወንዱም፣ በብዛት ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ብቻ የሚነግረኝን ሪፖርት አላምንም። ከአጠገቡ ደረጃውንም ይንገረኝ፤ ስንቱ በላ፣ ስንቱ ተማረ፣ ስንቱ ቤት አለው።

*

ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሞከሩት፤ ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ውሃ ይተኛበት ነበር፤ ከውሃው በኋላ ጓያ ይዘራበታል፣ የፎገራ ከብት ይግጥበታል። ሩዝ ያንን ውሃ ከጠላትነት ወደ ሀብትነት ለወጠው። ሩዝ ደግሞ እጅ ይፈልጋል። አረሙ በእጅ ይነቀላል፣ አጨዳው በማጭድ ነው፤ የቤተሰብ ጉልበት አይበቃም፣ ወንፈልና ደቦም አይደርሱም።

እንግዲህ የደጋውን ሰው ወረታ ያመጣው ይህ ነው። ማንም «ኑ» የሚል መመሪያ አላወጣም። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ወረታ የገባ ሰው ኑሮው ተሻሽሎ ቢገኝ ምስጋናው የማን ይሆናል? የከተማ አስተዳደሩ ፖሊሲ ነው ወይስ የሩዙ? ፖሊሲን የሚለካ ሰው መጀመሪያ ሩዙን መቀነስ አለበት። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። የአውሮፓ ሪፖርቶችም የሚቸገሩበት ነጥብ ነው፤ ሥራ ሲበዛ የአቀባበል ፖሊሲ ሁሉ ያማረ ይመስላል። የፖሊሲ እውነተኛ ፈተና ሩዝ በማይኖርበት ወር ወይም በጎርፉ ዓመት ነው።

*

በሚፔክስ ውስጥ ጤና እንደ ራሱ ዘርፍ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መዘግየቱ ይገርመኛል፤ እኛ ጋ የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው በጤና በኩል ነበርና።

በየዓመቱ ከደቡብ ጎንደር በርካታ ወጣት ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ሰሊጥ ያርማል፣ ሰሊጥ ያጭዳል። ማታ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ላይ ይተኛል። የአሸዋ ዝንብ የምትኖረውም እዚያ ነው፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት። በሽታው ትኩሳት ነው፣ ክሳት ነው፣ የጣፊያ ማበጥ ነው። ካልታከመ ይገድላል። ትኩሳቱ ወባ ይመስላል፤ ወባ ደግሞ ፎገራ ላይ አዲስ አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. የፎገራ ጎረቤት በሆነችው ሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ታወቀ። ቦታው ከቆላው ይልቅ ከፍ ያለ ነው፤ ካላዛር ይገኝበታል ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም። ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ስሙ የታወቀው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ከፈቱ፤ የታከመው በሺዎች የሚቆጠር ነው። ተመራማሪዎች የበሽታውን መነሻ ከቆላ እርሻ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር አያይዘውታል። ፎገራም ከተጠቁት ወረዳዎች አንዷ ነበረች።

ይህን ከመለኪያ አንጻር እዩት። መተማ ላይ ያለው ባለሀብት ለሠራተኛው መጠለያ አልሠራም፣ አጎበር አልሰጠም። ሠራተኛው ለመተማ እንግዳ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል፣ ሕመሙም አብሮት ይሄዳል። በመተማ መዝገብ ላይ ሠራተኛው ጤነኛ ሆኖ ተሸኘ። ሕመሙ የተመዘገበው፣ የሞተውም ሰው የተቀበረው ሊቦ ከምከም ነው። የተቀባይ አገርን አያያዝ በተቀባዩ አገር መዝገብ ብቻ የሚለካ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጉዳቱን ሂሳብ የሚከፍለው ላኪው ቀዬ ነው፤ ሚዛኑ ግን ላኪው ቀዬ ድረስ አይዘረጋም።

ሕክምናው ዛሬ አጥሯል፤ የ17 ቀን መርፌ ነው። ለአንድ የቀን ሠራተኛ 17 ቀን ማለት ያንን የሥራ ወቅት ማጣት ነው። መድኃኒቱ በነጻ ቢሆን እንኳ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምግብ የሚያቀብል ዘመድ ያስፈልገዋል፤ ዘመዱም የቀን ሠራተኛ ነው።

አንዲት ነርስ ትኩሳት ይዟቸው የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬን ካርዳቸውን ሳትከፍት «አባባ፣ ባለፈው ክረምት የት ከርመው ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። «ኳራ ነበርሁ ልጄ፣ ከልጄ ጋር» አሏት። ወዲያው የጣፊያቸውን መጠን በእጇ ዳሰሰች። ያች ጥያቄ ካርዱ ላይ የታተመች አይደለችም፤ ከልምድ የወጣች ናት። የካርዱ አንድ መስመር ብትሆን ከብዙ ገጽ የፖሊሲ ሰነድ የበለጠ ትለካለች ብዬ አምናለሁ።

*

መሸኛ።

ከአንድ ቀበሌ ወጥቶ በሌላ ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለብህ። ለሰላም ጊዜ ነገሩ ተገቢ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ ያደርጋል። ከወለጋ ቤቱ ተቃጥሎበት ሌሊት የሸሸ ሰው ግን መሸኛ የሚያመጣው ከማን ነው? ያባረረው ሰው ማኅተም እንዲመታለት ሊመለስ ነው?

ኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተውን የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ ይህንን ጉዳይ በግልጽ አስቀምጦታል፤ ለተፈናቃይ የጠፋበት ሰነድ ሲተካለት ወደ ቀድሞ መኖሪያህ ተመለስ የሚል ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ አይቀመጥበት ይላል። በወረቀት ሚዛን ኢትዮጵያ እዚህ ጋ ሙሉ ነጥብ ታገኛለች። መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ ግን የሚያውቀው የቀበሌውን አሠራር ነው፤ አዋጁ አልደረሰውም። ደርሶትም ከሆነ ነገ የሚጠይቀው አለቃው ነውና መሸኛውን ይጠይቃል። መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት መከራየት ይቸገራል፣ ባንክ ሂሳብ አይከፍትም፣ ሲም ካርድ በሌላ ሰው ስም ይገዛል፣ ፍተሻ ላይ ይቆማል። አንድ ወረቀት ስለጎደለው ሌላው ሁሉ ይዘጋበታል።

የፖሊሲን ጥራት መለካት የሚፈልግ ቢኖር ሥራው ቀላል ነው። አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ከቆመበት ቀን ጀምሮ መታወቂያውን እስኪይዝ ስንት ቀን እንደፈጀ ይቁጠር። ለዘመድ አልባው ስንት ቀን፣ ዘመድ ላለው ስንት ቀን፤ ለገንዘብ ከፋይ ስንት ቀን። በሦስቱ መካከል ያለው የቀናት ልዩነት ከማንኛውም ነጥብ በላይ ይነግረኛል።

*

ከጎንደር ዙሪያ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች እንደ ሚፔክስ ላለ ሚዛን ልዩ ፈተና ናቸው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ በወደቀበት ሰሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጭነው ሄዱ። ከዚያ በፊትም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በእግር የተጓዙት ነበሩ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያ ብዙ ሰው አልቋል። እስራኤል እንደደረሱ በመመለስ ሕጉ ዜጋ ሆኑ። ዜግነት ለማግኘት አምስት ወይም ዐሥር ዓመት መጠበቅ፣ ፈተና መፈተን አልነበረባቸውም።

ስለዚህ የስደተኛ ፖሊሲ የሚለካው ሚዛን አያያቸውም። የመጨረሻው በር በመጀመሪያው ቀን ተከፍቶላቸዋልና የሚጠየቅ ነገር አልተረፈም። ነገር ግን የአገሪቱ የሃይማኖት አባቶች ምልክታዊ የመለወጥ ሥርዓት ፈጽሙ ሲሏቸው በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ጋዜጣ ሲያወጣ በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ተመሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኒፎርም የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የማኅበረሰቡ ወጣት ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሞተ፤ ሁለቴም በተቃውሞ መንገዶች ተዘጉ። በሌላ ወገን ስግድ የተባለው በዓላቸው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው፤ ጎንደር አጠገብ የተወለደችው ፕኒና ታማኖ-ሻታ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒስትር ሆነች፣ ያውም የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር።

ለዚህ ማኅበረሰብ ስንት ነጥብ ይሰጠዋል? እኔ ነጥብ አልሰጥም። ዜግነት የውህደት መጨረሻ ነው የሚለው ሐሳብ ግን በእነሱ ታሪክ ፊት አይቆምም። ሕጉ ሁሉንም ሰጥቶ ሲያበቃ የደም ባንኩ ፍሪጅ የራሱን ውሳኔ ወሰነ።

*

ሳዑዲ ዓረቢያ በሚፔክስ ዝርዝር ግርጌ ካሉት አገሮች ናት። የፎገራ ልጆች በብዛት የሚሄዱት ግን ወደ ላይኛዎቹ አይደለም፣ ወደ ግርጌው ነው። ሰው የሚሄደው በር ወደተከፈተለት፣ ደላላ ወደሚያውቀው፣ የጎረቤቱ ልጅ ገንዘብ ወደላከችበት አገር ነው። በሩ ሰፊ በሆነበት አገር መብቱ ጠባብ ነው፤ መብቱ በሰፋበት አገር ደግሞ በሩ ጠባብ ነው። ይህን ያየ የሚፔክስ አንባቢ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ስዊድን ላገባችው ሰው 86 ሰጠች፣ ላላስገባችውስ?

በሳዑዲ የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሻሻል የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ ተደረጉ። ከእኛ አገር የሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው።

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለሱ። ቦሌ ላይ ብርድ ልብስና የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን የቆጠረ የለም ባልልም፣ ወረታ ላይ ከተመለሱት ብዙዎቹ እንደገና መሄዳቸውን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል። ወደ ራስ አገር መመለስም አቀባበል ይፈልጋል። የገዛ ልጆቻችንን ስንቀበል ስንት እናገኝ ነበር?

*

ኢትዮጵያ በሚፔክስ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ብትኖር በወረቀቱ አታፍርም ነበር። ጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ከአፍሪካ ሰፋ ካሉት ሕጎች አንዱ ነው። ስደተኛ ይሠራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ የባንክ ሂሳብ ይከፍታል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ልደትና ጋብቻው ይመዘገባል ይላል። አገሪቱ ያስጠለለችው ስደተኛ አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ ከብዙ ባለጸጋ አገሮች የበለጠ ቁጥር ነው። በዚህ እኮራለሁ፣ እውነተኛ ኩራት ነው።

ከዚያ ደግሞ የራሳችን ክልል አለ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሰዉ በመተማ በኩል ገባ፤ ገንዳ ውሃ አካባቢ ኩመርና አውላላ በሚባሉ ቦታዎች ሰፈረ። ክልሉ ራሱ በዚያው ክረምት ግጭት ውስጥ ገባ። ዘረፋው፣ እገታው፣ ጥይቱ በስደተኞቹ ላይ በረታ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት መጠለያውን ጥለው ጫካ ዳር ሰፈሩ። ከጦርነት የሸሸ ሰው ተቀባዩ አገር ውስጥ ሁለተኛ ሸሸ።

አዋጁ በዚያን ቀንም ሥራ ላይ ነበር፤ አንድም አንቀጽ አልተሻረም። ሚዛኑ ቢወጣ ነጥባችን ትናንት የነበረው ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው የሕግ ሚዛን ብቻውን በእኛ አገር አደገኛ የሚሆነው። መንግሥት ለጋሽ ፊት ቀርቦ ነጥቡን ያሳያል፤ አውላላ የነበረችው የካርቱም መምህርት ነጥቡ ውስጥ የለችም። ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይጨመር እላለሁ፤ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ከተሰጣችሁ መጠለያ በፍርሃት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ ወይ?

*

ወረታ ላይ አንድን መጤ ሰፈሩ መቼ እንደተቀበለው ማወቅ ለሚፈልግ ሰው እድሩን ጠይቅ እለዋለሁ። እድር መግቢያ አለው። አዲስ አባል እድሩ እስከዛሬ ባፈራው ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ጥሬ ገንዘብ ልክ ድርሻውን አስቦ ይከፍላል። እድሩ ባረጀ ቁጥር መግቢያው ይወደዳል። ክፉ አስቦ የተደረገ አይደለም፤ ለዓመታት የከፈለው ሰው ያጠራቀመው ነውና ፍትሕም አለበት። ውጤቱ ግን ለቀን ሠራተኛ በሩ ከፍ ማለቱ ነው። የራሱ ሞት ቢመጣ የሚያስቀብረው ቤተ ክርስቲያንና የአሠሪው ምሕረት ነው።

መግቢያውን በሁለት ዓመት ከፋፍሎ የሚቀበል እድር አውቃለሁ። የመጤዎቹ ቁጥር በዚያ እድር ከሌሎቹ ይበልጣል። ፖሊሲ ማለት ይህም ነው፤ የጻፉት ሽማግሌዎች ናቸው፣ የጻፉትም በእድሩ ደብተር ላይ ነው።

*

ስለ ደመወዝ አጠር ላድርግ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ለግሉ ሥራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ግን አልተቆረጠም። የሩዝ አጨዳ ዋጋ የሚቆረጠው ጠዋት የወረታ መንገዶች መገናኛ ላይ ነው፣ በቀን ወይም በጥማድ። ስምምነቱ በቃል ነው። አሠሪው ቢክድ ምስክሩ አብሮት ያጨደው ጓደኛው ነው፤ ጓደኛውም ነገ ወደ አገሩ ይሄዳል። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚሰጠው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። በአጨዳ ሰሞን አቤቱታን በዚያው ቀን የሚያይ አንድ ችሎት ወይም የሽማግሌ ወንበር መገናኛው አጠገብ ቢቀመጥ ስንት አቤቱታ መጣ፣ ስንቱ በዕለቱ ተፈታ የሚለው በወር ውስጥ ይታወቅ ነበር።

*

ሰው ቤት ስላሉት ልጃገረዶች ሳልጽፍ ደብተሩን አልዘጋም። ከደጋው የሚመጡት ብዙዎቹ ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ አንዳንዷ ከታቀደላት ጋብቻ ሸሽታ፣ አንዳንዷ የታናናሾቿን ደብተርና ጫማ ለመግዛት። ጥሩ አሠሪ የገጠማት በማታ ትማራለች። «እትየ፣ ትምህርት ቤት ልግባ?» ብላ የጠየቀችና «እራት ካቀረብሽ በኋላ ግቢ» የተባለች ልጅ ዕድለኛ ናት። እራቱ ሲዘገይ ክፍሉ ተጀምሯል፤ በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ቀን ትቀራለች፤ ፈተና ሲደርስ ከመዝገብ ትሰረዛለች።

የአውሮፓ ሚዛኖች ስለ ስደተኛ ልጆች ትምህርት ብዙ ይጠይቃሉ፤ የቋንቋ ድጋፍ አለ ወይ፣ መምህሩ ሠልጥኗል ወይ፣ የልጅቱ ውጤት ከአገሬው ልጅ ምን ያህል ይርቃል። የእኛዋ ልጅ ቋንቋው አይቸግራትም፣ አገሯ ነው፤ የሚቸግራት ሰዓቱ ነው። መመዝገቢያው ላይ የአሳዳጊ ስም ሲባል የአሠሪዋን ስም ታስጽፋለች፤ ስትቀር የሚጠራው አሳዳጊ እራቱን ያዘገየው ሰው ነው ማለት ነው።

በወረታ የማታ ትምህርት በመስከረም ከተመዘገቡት ሴቶች ስንቶቹ ከወረዳው ውጭ የመጡ ናቸው፣ ከእነሱስ ስንቶቹ ሰኔ ላይ ለፈተና ተቀመጡ? ሁለቱም ቁጥሮች በትምህርት ቤት መዝገብ ውስጥ አሉ፤ ስም መጥሪያውና የውጤት ዝርዝሩ አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት። አንድ መምህር በሁለት ከሰዓት ሊያወጣቸው ይችላል።